የዳኛው እናት

ባለቤቴ አይዋሽም። ይህን የምለው ላሞግሰው ብዬ አይደለም። ከማይዋሽ ሰው ጋር ሃያ ዓመት ስትኖሩ ነገሩ ሙገሳ ይሁን ክስ ይጠፋችኋል። አዲስ ቀሚስ ለብሼ ፊቱ ቆሜ "እንዴት ነው?" ስለው፣ "እስቲ ዙሪ" ብሎ፣ በደንብ አይቶ፣ "ትከሻው ሰፍቶሻል" የሚለኝ ሰው ነው። ልጃችን በስድስት ዓመቷ የሳለችውን ፈረስ ይዛለት ስትመጣ "አምስተኛው እግር ምንድን ነው?" ብሎ አስለቅሷታል። ዳኛ ባይሆን ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር አላውቅም።

በሥራ ቀን የሊፍት ጠጋኝ ነው። ሰማያዊ ቱታውን ለብሶ፣ የመሣሪያ ሳጥኑን አንጠልጥሎ በየሕንፃው ይዞራል። ሰው በሁለት ፎቅ መሐል ተይዞ ሲጮህ ከላይ ሆኖ "አይዞህ፣ ገመዱ ደህና ነው" የሚለው ድምፅ የእሱ ነው። ገመዱ ደህና ካልሆነ ደግሞ ዝም ይላል። ቅዳሜና እሁድ ፊሽካ ይነፋል። የሰፈሩ ሰው ስሙን ትቶ "ፊሽካ" ነው የሚለው፤ እኔም "የፊሽካ ሚስት" ሆኜ ቀረሁ።

ወደዚህ አገር ስንመጣ እሱ ሃያ አራት፣ እኔ ሃያ ሁለት ዓመታችን ነበር። ዳኝነቱን የጀመረው በአጋጣሚ ነው። አንድ እሁድ ከመናፈሻው አጠገብ ባለ ሜዳ ዳር ቆሞ ሕፃናት ሲጫወቱ ሊያይ ሲል ዳኛው ሳይመጣ ቀረ። አሠልጣኙ ግራ ቀኝ ቢያይ ሥራ ፈት የመሰለው ሰው እሱ ብቻ ነበር።

"ቋንቋችሁን ገና አልቻልኩም" አለው ባለቤቴ እየተንተባተበ።

"ፊሽካ ቋንቋ አይጠይቅም" አለው ሰውዬው፣ እና አንገቱ ላይ አጠለቀለት።

ከዚያ ከሕፃናት ሜዳ እስከ አንደኛ ዲቪዚዮን ለመድረስ አሥራ አንድ ዓመት ፈጀበት። በእነዚያ ዓመታት የወረደበትን ስድብ ብሰበስበው አንድ መጽሐፍ ይወጣዋል፤ የአገሩን ቋንቋም ግማሹን የተማርነው ከዚያ ነው። አንድ ቀን የአሥራ ሁለት ዓመት ልጆች አጫውቶ መጣና ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የጨዋታውን ሪፖርት ሲጽፍ በትከሻው በኩል አየሁበት። "በ34ኛው ደቂቃ አንድ ወላጅ ወደ አገሬ እንድመለስ ጠየቀኝ" ይላል።

"ጠየቀኝ ነው እንዴ የሚባለው?" አልኩት።

"ሌላ ነገር አልጨመረበትም" አለኝ። "ያልተባለውን አልጽፍም።"

እኔ አንጀቴ እያረረ እሱ ነጠላ ሰረዝ ይፈልጋል። እኔ ብሆን የሰውዬውን መልክ፣ የመኪናውን ቁጥርና የእናቱን ስም ጨምሬ እጽፍ ነበር።

የዳኝነት ልብሱን የምጠግነው እኔ ነኝ። ሥራዬ በአንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ የተቀደደ አንሶላና መጋረጃ መስፋት ስለሆነ መርፌ ከእጄ አይጠፋም። ቢጫ ካርዱን ደረት ኪሱ ውስጥ፣ ቀዩን ከኋላ ኪሱ ይይዛል፤ በንዴት መሐል እጅ እንዳይሳሳት ነው። የኋላ ኪሱ ላይ ቁልፍ የተከልኩለት አንድ ጊዜ ሲሮጥ ቀዩ ወድቆበት ስለነበረ ነው። አንድ ተጫዋች ካርዱን አንስቶ ለራሱ ለዳኛው አሳየውና ስታዲየሙ በሳቅ ፈረሰ። ባለቤቴ ግን አልሳቀም። አመስግኖ ተቀበለውና ልጁን በቢጫ ቀጣው።

በሠላሳ ሰባት ዓመቱ የዓለም አቀፍ ዳኝነት ባጅ ተሰጠው። ባጁን ማልያው ላይ ሦስት ጊዜ ፈትቼ ሰፋሁት። እሱ መጀመሪያ የደወለው ለእናቱ ነው። አማቴ እዚያው በተወለድንበት አገር፣ ከባለቤቴ ታላቅ ወንድም ጋር ነው የሚኖሩት። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ሰውን በመልኩ መለየት ትተው በድምፁ ማወቅ ከጀመሩ ቆይተዋል።

"እንግዲህ የዓለም ዳኛ ሆንክ" አሉት። "አደራህን፣ ለማንም እንዳታዳላ። ለእኛም ቢሆን።"

"እሺ እማዬ" አለ። እሱ እሺ ካለ እሺ ነው።

ከባጁ ጋር ስድስት ገጽ ቅጽ መጣ። የእኔ ጽሕፈት ከእሱ ስለሚሻል እሱ ከጎኔ ተቀምጦ እኔ ነበርኩ የምሞላው። አራተኛው ገጽ ላይ አንድ ጥያቄ አለ፦ ከምትወክለው አገር ሌላ በትውልድ ወይም በቅርብ ቤተሰብ የምትዛመደው አገር ካለ ጥቀስ።

"ይሄን ምን እናድርገው?" አለ ባለቤቴ። "እዚያ እኮ ዜግነት የለኝም።"

ባዶውን ብተወው ማንም አይጠይቅም ነበር። ይህን ያወቅሁት ኋላ ነው፤ ሌሎች የውጭ ተወላጅ ዳኞች ሁሉ ሰረዝ አድርገው ነው ያለፉት። እኔ ግን ጠንቃቃ ነኝ ባይ ነኝ። "እንጻፈው" አልኩት። "ነገ ደበቀ ብለው መነጋገሪያ እንዳያደርጉህ።" እናም ጻፍኩት። የተወለድንበትን አገር፣ ከጎኑ ደግሞ በቅንፍ "እናት፣ በሕይወት ያለች፤ ታላቅ ወንድም።" ያን ሰሞን የትውልድ አገራችን ቡድን ስድስት ለባዶ ተሸንፎ መሳቂያ ሆኖ ነበር። "አታስብ፣ እነሱ ለዋንጫ እስኪደርሱ አንተ ጡረታ ወጥተህ የልጅ ልጅ ታሳድጋለህ" አልኩት። ሁለታችንም ሳቅን። ያ ሳቅ አሁን ሲታወሰኝ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ እላለሁ።

በፌዴሬሽናችን ደንብ አርባ አምስት ዓመት የሞላው ዳኛ ባጁን ያስረክባል። ዘንድሮ ለትልቁ ውድድር ሲመረጥ አርባ አምስት ሊሞላው ሁለት ወር ቀርቶት ነበር። መጨረሻው መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። የመጀመሪያ ዙር ሁለት ጨዋታ አጫወተ፣ አንድም ስህተት አልተገኘበትም። ሩብ ፍጻሜ ሰጡት፤ እሱንም እንደዚያው ጨረሰ። በነጋታው የዳኞች ኮሚቴው ጸሐፊ ቁርስ ላይ አጠገቡ ቁጭ ብሎ "ከእንግዲህ ጉልበትህን ቆጥብ" አለው። ጸሐፊው ለሰው ጤና የሚጨነቅ ሰው አይደለም። በዳኞች ዘንድ ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ይታወቃል፤ ፍጻሜው ያንተ ነው ማለት ነው።

ባለቤቴ ይህን በስልክ ሲነግረኝ ድምፁ ተለውጦ ነበር። እኔ በደስታ አለቀስኩ። እሱም "አሁን የሚቀረው አንድ ነገር ነው" አለኝ።

አንድ ነገር ያለው ይህ ነው። ዳኛ የራሱን አገር ጨዋታ አያጫውትም፤ አገሩ ፍጻሜ ከደረሰ እሱ ሻንጣውን ይዞ ወደ ቤቱ ነው። ስለዚህ እነዚያ ዳኞች ባረፉበት ሆቴል ማታ ማታ ቴሌቪዥን ፊት ተሰብስበው ሲያዩ፣ እያንዳንዱ በሆዱ የገዛ አገሩን ሽንፈት ይመኛል። አፍ አውጥቶ የሚናገረው የለም። አገሩ የተሸነፈበትን ዳኛ ሌሎቹ "አይዞህ" እያሉ ጀርባውን ይመቱታል፤ እሱም አዝኖ ይታያቸዋል። ሌሎቹ አንድ አገር ነው የሚፈሩት። ባለቤቴ ግን ቅጹ ላይ የጻፍኩት አገር እንደ ራሱ ስለሚቆጠርበት ሁለት አለው፣ ሁለቱም እስከዚያ ቀን ድረስ አልወደቁም።

መጀመሪያ የተጫወተው ያለንበት አገር ነው። ሩብ ፍጻሜ ነበር። ልጃችን አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ የቡድኑን ማልያ ለብሳ ፊቷን በቀለም ዥጉርጉር አድርጋ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ጎረቤታችን የአውቶቡስ ሹፌሩም መጥቷል። እኔ ኩሽና ገብቼ የታጠበ ሳህን መልሼ አጥባለሁ። በመጨረሻው ደቂቃ ጎል ሲገባብን ሹፌሩ "ወይኔ!" ብሎ ጭንቅላቱን ያዘ። እኔ ሳህኑን ደረቴ ላይ አቅፌ ተመስገን አልኩ።

ዞር ስል ልጄ በር ላይ ቆማለች። ቀለሙ በእንባዋ ጉንጯ ላይ ወርዷል።

"እማ፣ ሳቅሽ?"

"አልሳቅሁም።"

"ሳቅሽ እንጂ፣ አየሁሽ!"

ነገርኳት ምክንያቱን። ሰምታኝ ስታበቃ "ለአባዬ ደስ ብሎኛል" አለችና ክፍሏ ገብታ በሩን በኃይል ዘጋችው። ሁለቱም እውነት ነበር፤ ደስታውም፣ በሩም። ያን ምሽት አፈርኩ። የሰው አገር ተቀብሎኝ፣ ልጄን አሳድጎልኝ፣ ሲሸነፍ ሳህን አቅፌ እጨፍራለሁ። ግን በማግስቱ እፍረቱ ለቀቀኝ፤ አንዱ ወደቀ፣ ሌላው ቀረ እያልኩ አንሶላ እሰፋ ነበር።

ሌላው አልወደቀም። ያ ስድስት ለባዶ የሚሸነፈው ቡድን ምን እንደቀመሰ እንጃ፣ ከምድቡ ወጣ፤ ከዚያ አሸነፈ፤ ደግሞ አሸነፈና ግማሽ ፍጻሜ ገባ። ወንድም ጋሼ፣ የባለቤቴን ታላቅ ወንድም እንዲህ ነው የምንለው፣ በየጨዋታው ማብቂያ እየደወለ ያለቅሳል። ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው፤ ልቡ እንደ ቅቤ ነው። ሰው ላይ ክፉ ወሬ ከአፉ አይወጣም። በማስተማር ዘመኑ እንኳ የወደቀ ተማሪ ካርድ ሲሰጥ አብሮ ያለቅስ ነበር ይባላል።

አማቴ ስልኩን ከእጁ ነጥቀው "ልጄ፣ ሁለት ነገር ነው የምለምነው" ይሉኛል። "ጠዋት ጠዋት አንዱን፣ ማታ ማታ አንዱን። ልጄ ፍጻሜውን እንዲያጫውት፣ አገሬ ፍጻሜ እንዲደርስ። ሁለቱን ካየሁ የዓይኔ ነገር አይቆጨኝም።"

"ይስጥዎት እማማ" እላለሁ። ሌላ ምን ልበል? አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል ብዬ እንዴት ልንገራቸው? አንድ ቀን ባለቤቴ በስልክ ሊያስረዳቸው ሞክሮ ነበር። "እማዬ፣ ሁለቱ አብረው አይሄዱም" ሲላቸው "ለፈጣሪ የማይሄድ ነገር አለ እንዴ?" ብለው ቆጡት።

ግማሽ ፍጻሜው በመለያ ምት አለቀ። የመጨረሻውን ምት የመታው የኛ ልጅ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላው ነው። ኳሷን ሲያስቀምጥ እጆቼን አጣብቄ "ሳታት፣ የኔ ልጅ፣ ሳታት" አልኩ። በተወለድኩበት አገር ልጅ ላይ! አልሳታትም። መረቡ ሲንቀጠቀጥ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

ስልኩ ወዲያው ጮኸ። ወንድም ጋሼ ነው፤ ከበስተኋላው እልልታው ይቀልጣል። አማቴ ተቀበሉትና "ሁለቱንም ሰጠኝ! ሁለቱንም!" እያሉ አለቀሱ። አብሬ አለቀስኩ። የደስታ መሰላቸው።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ባለቤቴ ደወለ።

"እማዬ ደስ አላት?" ነው መጀመሪያ ያለኝ።

"አዎ። አንተስ?"

"ጸሐፊው ክፍሌ መጥቶ ነበር። ቅጹን ይዞ ነው የመጣው፣ አራተኛውን ገጽ። አዘነልኝ መሰለኝ። የሦስተኛ ደረጃውን ጨዋታ ቀድመው ለሌላ ሰጥተውታል። ነገ ጠዋት እመጣለሁ።"

ያኔ ነው እንደ እብድ የሆንኩት። "ደውልላቸው!" አልኩት። "ያ ቅጽ የድሮ ነው በላቸው። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተለውጧል፣ ከዚያ አገር ጋር የሚያገናኘኝ ማንም የለም በል። ማን ሄዶ ያጣራል? የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ በእኔ ላይ አላክክ!"

"ምን ልበላቸው?" አለኝ። "እናቴ ሞታለች ልበል?"

ይቅርታ ልለው ጀመርኩ። እሱ ግን "የተጻፈው እውነት ነው" አለኝ፣ ሊያጽናናኝ መሆኑ ነው። እኔ የጻፍኩት ውሸት ቢሆን ኖሮ እንዴት በተሻለኝ።

በማግስቱ መጣ። ሻንጣውን ስፈታ ለፍጻሜ የተሰጣቸው ማልያና ቁምጣ ከነላስቲኩ አለ፤ ሁሉም ዳኛ አስቀድሞ ተሰጥቶታል። የቁምጣው የኋላ ኪስ ቁልፍ የለውም። ወስጄ ልተክልለት መርፌ አነሳሁና ለምን እንደምተክለው ሲጠፋኝ አስቀመጥኩት። እሱ ቱታውን ለብሶ ሥራ ሄደ። "አንድ የቢሮ ሕንፃ ሊፍት አራተኛ ፎቅ ላይ ቆሟል" አለኝ፤ እረፍት ላይ መሆኑን እንኳ ረስቶታል።

ለአማቴ ማን ይንገራቸው የሚለው ነበር የቀረው። ባለቤቴ ራሱ ሊነግራቸው ደወለ። ወንድም ጋሼ ግን "ተወው፣ እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ቀስ አድርጌ እነግራታለሁ። በስልክ አይሆንም፣ ልቧ ደካማ ነው" አለ። ልክ ነው ብለን ተውንለት። ክፉ ወሬ ከአፉ የማይወጣውን ሰው ለክፉ ወሬ ላክነው።

የፍጻሜው ዕለት እኛ ጋ ከሰዓት በኋላ፣ እነሱ ጋ ምሽት ነበር። ባለቤቴ ሶፋው ላይ አልቀመጥ ብሎ ወለሉ ላይ፣ ቴሌቪዥኑ ሥር ተቀመጠ። ልጃችን ከጎኑ ሆና ትከሻው ላይ ተደግፋለች። እሱ ኳሱን አያይም፤ ዳኛውን ነው የሚያየው። "ወደ ግራ፣ ወደ ግራ ግባ፣ ይጋርዱሃል" ይላል ለራሱ። ዳኛው ጎበዝ ሰው ነው፤ ከእሱ ጋር አንድ ክፍል ተኝተዋል። አልፎ አልፎ "ጥሩ" ይላል።

እረፍት ላይ ባዶ ለባዶ ናቸው። ስልኩ ጮኸ፤ እኔ አነሳሁት። ወንድም ጋሼ በሹክሹክታ ነው የሚያወራው።

"አልነገርኳትም" አለኝ።

"ምን ማለትዎ ነው ጋሼ?"

"አልቻልኩማ! አዲስ ነጠላዋን ለብሳ ወንበሯን ቴሌቪዥኑ ፊት አስደርጋ 'የታለ ልጄ?' ስትለኝ... 'ያውልሽ፣ ጥቁር የለበሰው' አልኳት። እሷ የሚታያት ጥላ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ግቢያችን ነው የሚያየው፤ አንድ በአንድ እየዞርኩ ለመንኳቸው፣ እንዳታጋልጡኝ ብዬ። አንድ ሰዓት እኮ ነው። ሁሉም 'ልጅዎ ጎበዝ ነው' እያሏት ነው። ደስታዋን ብታዪው!"

ባለቤቴ ሰምቶታል። ተነስቶ እጁን ዘረጋ። "ስጪኝ። እነግራታለሁ።"

"አሁን?" አልኩት። "በዚያ ሁሉ ሰው መሐል? አርባ አምስት ደቂቃ ተዋት፣ አንተ ሰው! አርባ አምስት ደቂቃ!"

እጁን እንደዘረጋ ቆየ። ከዚያ መልሶ ተቀመጠ። አማቴ ከወንድም ጋሼ ተቀብለው "ስልኩን አትዝጊው፣ አብረን እናያለን" ስላሉኝ የእኛ ድምፅ እንዳይሰማ ዘግቼ የእነሱን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ያ ግቢ ሁሉ ሳሎናችን ገባ፤ ፉጨቱ፣ የወንበር ጩኸቱ፣ የአማቴ ሳል። የእነሱ ምስል ከእኛ በጥቂት ሰከንድ ይቀድማል። ስለዚህ እዚያ "ኧረ!" ሲሉ እኛ ገና ኳሱ መሐል ሜዳ ላይ ነው።

"ሲሮጥ አየሁት" ይላሉ አማቴ። "አሁንም እንደ ልጅነቱ ነው የሚሮጠው።"

ባለቤቴ አንገቱን ደፋ።

ሰማንያ አራተኛው ደቂቃ ላይ ከስልኩ ውስጥ ግቢው በአንድ ጊዜ ጮኸ። ደስታ አለመሆኑ ያስታውቃል። እኛ ጋ ገና ኳሷ ከማዕዘን እየተሻገረች ነው። መጣች፣ ወረደች፣ የኛ ተከላካይ ዘለለ።

"እጅ" አለ ባለቤቴ።

ከሜዳው ዳኛ ቀድሞ ነው ያለው። እጁ ሳያውቀው ወደ አፉ ሄደ፤ ፊሽካ የለም። ሌላው እጁ ተዘርግቶ የቴሌቪዥናችንን ሥር፣ የፍጹም ቅጣት ምቱን ነጥብ ያመለክታል። በገዛ ሳሎኑ፣ ወለል ላይ ተቀምጦ፣ በተወለደበት አገር ላይ ፔናሊቲ ሰጠ። ልጄ እጁን ይዛ ቀስ ብላ አወረደችው።

ዳኛው ቪዲዮውን አይቶ ያንኑ ነጥብ አመለከተ። ከስልኩ የሚወጣውን ግን ምን ብዬ ልናገረው። ግቢው አብዷል። "ሌባ!" ይላል አንዱ። "ተገዝቶ ነው!" ይላል ሌላው። ከዚያ አንድ ወፍራም የወንድ ድምፅ ከሁሉ በላይ ጮኸ፦ "ይሄን የወለደች ማህፀኗ ይደርቅ ነበር!" ሌሎቹም ተቀበሉት። የዳኛው እናት እንዲህ ትሁን፣ የዳኛው እናት እንዲያ ትሁን። ስታዲየም የሚባለው ሁሉ ተባለ።

ከዚያ ፀጥ አለ። ትዝ አላቸው። አንድ ሰዓት ሙሉ "ልጅዎ ጎበዝ ነው" ሲሏቸው የቆዩት ሴት መሐላቸው ተቀምጠዋል።

የቴሌቪዥኑ ድምፅ ብቻ ይሰማል፤ ጎል ገባ። ከጥቂት ሰከንድ በኋላ እኛም ጋ ገባ። የወንድም ጋሼ ድምፅ "እማዬ..." ብሎ ቆመ፣ ስልኩም ተዘጋ።

አንድ ለባዶ አለቀ። ቴሌቪዥኑን አጠፋነው። ባለቤቴ ስልኩን ፊቱ አስቀምጦ ወለሉ ላይ እንዳለ ቀረ። "ስትደውል እነግራታለሁ" አለኝ። "እኔ አልነበርኩም እላታለሁ።" አልተከራከርኩትም። በምን አፌ? እንዲያውም ይንገራቸው ብዬ ለመንኩ፤ ቢያንስ ያ ስድብ የሳቸው እንዳልሆነ ይወቁ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ደወሉ። ሮጦ የጨረሰ ልጃቸው ልብሱን እስኪቀይር መጠበቃቸው ነው። ባለቤቴ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነሳው።

"እማዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ..."

"ቆይ" አሉት። ድምፃቸው የደረቀ ነው። "መጀመሪያ እኔ ልጠይቅህ። እጁ ነክቷል?"

ባለቤቴ እኔን አየኝ። ከዚያ ወደ ጨለመው ቴሌቪዥን አየ።

"ነክቷል እማዬ።"

"በደንብ አይተሃል?"

"በደንብ አይቻለሁ።"

"አልተጠራጠርክም?"

"አልተጠራጠርኩም።"

ረጅም ትንፋሽ ሲያወጡ ሰማሁ።

"እንግዲያው ይስደቡኝ" አሉ። "እኔ እኮ የፈራሁት አዳልተህብን እንዳይሆን ነው፤ ለኛ አዳልቷል እንዳይሉህ ፈርተህ። ከነካማ ነካ። ወንድምህ እያለቀሰ ነው፣ የሚለውንም ነገር አልሰማሁትም። ጎረቤቶቹም እግሬ ላይ ወድቀው 'እርሱ አይደለም፣ አይደለም' ይሉኛል፣ ሊያጽናኑኝ። አሁን ደግሞ ልጄን ሊክዱልኝ! እኔ ሲሮጥ አየሁት አልኳቸው።"

ባለቤቴ አፉን ከፈተ። ይነግራቸዋል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን አፉን መልሶ ገጠመ።

"ደክሞሃል፣ ይሰማኛል" አሉት አማቴ። "ብላና ተኛ። በሚመጣውም ውድድር እንዲሁ በእውነት አጫውት፣ እሺ?"

"እሺ እማዬ" አላቸው።